ግመሏ ገበያ ገብታ፦ ሥዕላዊ መጻሕፍታችን በጆሮ ሲመዘኑ

እ.ኤ.አ. በ2002 «ሲሊ ማሞ» የተባለ ቀጭን፣ ባለ ቀለም፣ አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን የተጻፈበት የልጆች መጽሐፍ ታተመ። ደራሲው ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ፣ ሠዓሊው ቦጋለ በላቸው ናቸው። ተረቱ አዲስ አይደለም፤ ማሞ ቂሎ ሲባል የማያውቅ የአገራችን ልጅ አይገኝም። አዲሱ ነገር ተረቱ ከአያት አፍ ወጥቶ ልጅ በእጁ የሚገልጠው፣ ሥዕሉን በጣቱ የሚነካው መጽሐፍ መሆኑ ነበር።

ዮሐንስ ነገሌ ቦረና ያደጉ፣ ከትምህርት ቤት መማሪያ ሌላ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጃቸው የያዙት በ19 ዓመታቸው መሆኑን ደጋግመው የተናገሩ ሰው ናቸው። በስደት አገር ሳን ፍራንሲስኮ በልጆች ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ፣ የብዙ አገር ቋንቋ በተደረደረበት መደርደሪያ የአማርኛው ቦታ ባዶ ሆኖ አገኙት። የጎደለውን ራሳቸው ጻፉ። ማጂ ካደገችው አሜሪካዊት ደራሲ ከጄን ከርትዝ ጋር ሆነው «ኢትዮጵያ ሪድስ»ን መሠረቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ ቆየት ብሎም አህያ የሚስበው ቤተ መጻሕፍት በሐዋሳ መንደሮች ውስጥ መዞር ጀመረ። በ2008 ሲኤንኤን ከዓመቱ አሥር ጀግኖች አንዱ አድርጎ መረጣቸው። ከዚያ ወዲህ የወጡት ባለ ሁለት ቋንቋ የልጆች መጻሕፍት ብዙዎቹ «ሲሊ ማሞ» በጠረገው መንገድ የሄዱ ናቸው።

እኔ መጽሐፉን የማነሳው ብዙም ያልተጠየቀ ጥያቄ ይዤ ነው። ይህ መጽሐፍ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ለልጁ ጆሮ ምን ይሰጣል? ሰሜን ወሎ፣ ሀብሩ ወረዳ፣ መርሳ ከተማ ውስጥ ያለች የኦ ክፍል (ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ክፍል) መምህርት መጽሐፉን ከፍታ ብታነብላቸው፣ ልጆቿ ተረቱን ሰምተው ከመሳቅ አልፈው ቃላት በምን ድምፅ እንደሚነሱ፣ የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር አንድ መነሻ እንዳለው ያስተውላሉ?

ጥያቄው የቅንጦት እንዳይመስል አንድ ሁለት ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ1983 ሊኔት ብራድሊና ፒተር ብራያንት የተባሉ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች «ኔቸር» መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ ከአራትና አምስት ዓመት ልጆች መካከል በአንድ ድምፅ የሚነሱ ወይም ቤት የሚመቱ ቃላትን ለይተው የሚያወጡት ቆይተው የተሻሉ አንባቢዎች እንደሆኑ አሳዩ። በስሜት ብቻ የምንወደው የቃላት ጨዋታ ለንባብ መሠረት መሆኑ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ተደጋግሞ ተጠንቷል። በእኛ አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 በተደረገው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ «ሀ ሁ ሂ ሃ»ን በዜማ ሳይሳሳቱ የሚዘልቁ እንደሚሆኑ እገምታለሁ። ገበታውን በቃል መያዝና በገበታው ማንበብ ለየቅል ናቸው። የኔታዎች ይህን ከማንም በፊት አውቀውታል። ሕፃኑ «ሀ ሁ»ን ከጨረሰ በኋላ ወደ «አቡጊዳ» የሚያዛውሩት፣ ተራውን አፍርሰው፣ ቤተሰቡን በትነው፣ ልጁ ፊደሉን ለይቶ ይሁን ዜማውን ብቻ ይዞ ለማወቅ ነው።

ወደ መጽሐፉ እንመለስ። «ሲሊ ማሞ» እንደ ተረት የተዋጣለት ነው። እናት ትመክራለች፤ ማሞ ምክሩን ሰምቶ ይሄዳል፤ ግን የዛሬውን ምክር ነገ ለማይሆነው ነገር ያውለዋል። እናት እንደገና ታርማለች፤ እርማቱም እንደገና ያለ ቦታው ይውላል። የአምስት ዓመት ልጅ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ የሚመጣውን ያውቃል፤ ማወቁም ያስቀዋል። ጮክ ብሎ ለማንበብ ከዚህ የተሻለ አካሄድ ያለው ተረት ብዙ የለም። ሥዕሎቹም ከተረቱ ጋር ይሄዳሉ፤ የማሞ ቤትና ልብስ የባዕድ አገር አይደለም።

ድምፁ ላይ ሲደርስ ግን መጽሐፉ ዝም ይላል። የሚደጋገመው ድርጊቱ ነው፤ ቃሉ አይደለም። አማርኛው ተረቱን በቀጥታ የሚያደርስ ደልዳላ ዝርው ነው፤ አንባቢዋ ድምፅዋን የምታሳርፍበት፣ ልጁ «እንደገና በይው» የሚልበት ሐረግ አልተዘጋጀለትም። ለመጀመሪያ ሥራ ይህ ከባድ ነቀፌታ አይደለም፤ ከመጽሐፉ በፊት የአማርኛ ሥዕላዊ መጽሐፍ እጥረት እንጂ የድምፅ እጥረት አልነበረም አጀንዳው። ነቀፌታው የሚከብደው ከሃያ ዓመት በላይ አልፎም አብዛኛው የልጆች መጽሐፋችን እዚያው ቦታ ቆሞ ስናገኘው ነው።

ምክንያቱ የትርጉም መንገድ ይመስለኛል። ዛሬ መምህራን በስልካቸው ከሚያገኟቸው የአማርኛ ሥዕላዊ መጻሕፍት ብዙዎቹ፣ የደቡብ አፍሪካው «አፍሪካን ስቶሪቡክ» ላይ እንዳሉት፣ በሌላ ቋንቋ ተጽፈው ወደ አማርኛ የተመለሱ ናቸው። ታሪክ ድንበር ይሻገራል፤ ድምፅ ግን አይሻገርም። በእንግሊዝኛ «ድብ»፣ «ኳስ» እና «ትልቅ» ሦስቱም በ«ብ» ድምፅ ይነሳሉ፤ ስለዚህ ስለ ትልቅ ድብና ስለ ኳሱ የሚተርክ መጽሐፍ የእንግሊዝኛ ተናጋሪውን ልጅ ሳያስተምር ያስተምረዋል። ተርጓሚያችን በታማኝነት «ትልቁ ድብ ኳስ አነጠረ» ሲል ት፣ ድ፣ ኳ፣ አ ሆኖ አረፈው። ትርጉሙ ትክክል ነው፤ መጽሐፉ የተጻፈበት ምክንያት ግን ጠፍቷል።

የራሳችን የሆነውና የተከበረው ሥራ እንኳ ከዚህ አላመለጠም። ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር የፈጠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የጀመረውና በ2008 የጃፓን ሽልማትን ያገኘው የቀጭኔዋ ፀሐይ ዝግጅት በእንግሊዝኛ ስሙ «ፀሐይ ላቭስ ለርኒንግ» ነው፤ ሁለቱ የመጨረሻ ቃላት በ«ል» ይነሳሉ፤ ለአፍ ይጥማሉ። በአማርኛ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ሲሆን ፀ፣ መ፣ ት ይሆናል። ዝግጅቱ በይዘቱ ጤናና ፊደል በማስተማር ትልቅ ውለታ የዋለ ነው፤ ስለ ስሙ መወቃቀስ አልፈልግም። ነገር ግን የመጨረሻዋን «ት» ልብ በሉ፤ የአማርኛ ችግርም ሀብትም እዚያች ላይ ነው።

አማርኛ ቃሉን ከፊት ያለብሰዋል። ስሙ ላይ ለ፣ በ፣ ከ፣ የ ይለጠፋሉ፤ የአሁንና የወደፊት ግሡ ላይ ይ፣ ት፣ እ፣ አል ይቀድማሉ። በዚህ የተነሳ አንድ ገጽ አማርኛ ብታነቡ የቃላቱ መነሻ ግማሹ ቅጥያ ነው። «የ የ የ» ወይም «ይ ይ ይ» እያለ የሚሄድ ዓረፍተ ነገር ልጁን ምንም አያስተምረውም፤ የሚደጋገመው ሰዋስው እንጂ ቃል አይደለምና። የግሡ ሥር ከቅጥያው ኋላ ተደብቋል።

ሥሩ ፊት ለፊት የሚቆምበት ጊዜ ግን አለ፤ ያውም ተረት በሚነገርበት ጊዜ። ኃላፊው ግሥ (ገባ፣ ጋጠ፣ መለሰ) እና «ገብቶ፣ በልታ፣ ሞልቶ» እያለ ድርጊትን በድርጊት ላይ የሚቀጥለው ቦዝ አንቀጽ በራሳቸው ሥር ይነሳሉ። ተረት ነጋሪ አያቶቻችን ሙሉ ተረት በእነዚህ ሁለቱ ሲያወርዱት ኖረዋል። ስለዚህ በአማርኛ የመነሻ ድምፅ ጨዋታ መጻፍ ለሚፈልግ ሰው ምሥጢሩ ቀላል ነው፦ ስሙን ያለ ቅጥያ አቁመው፣ ግሡን ወደ ኃላፊ መልሰው፣ መሐሉን በቦዝ አንቀጽ አያይዘው።

ለሙከራ ያህል ከሀብሩ ቆላ አንድ ልጻፍ። የአፋር ግመል መርሳ ገበያ ስትደርስ ማየት ለዚያ አካባቢ ልጅ ብርቅ አይደለም፦

ግመሏ ገበያ ገብታ ጎመን ጋጠች።

ጮክ ብላችሁ በሏት። አሁን ይህችኑ ወደ አሁን ጊዜ አምጧት፦ «ግመሏ ወደ ገበያ ትገባለች፤ ጎመን ትግጣለች»። ታሪኩ ያው ነው፤ ጨዋታው ሞቷል። ወይም ክረምት ላይ የሀብሩን ደቡብ የሚያዋስነውን ወንዝ እንውሰድና ማሞንም ከቂልነቱ ጋር ወደ ወሎ እናምጣው፦ ሚሌ ሞልቶ ማሞን መለሰው። አራት ቃል፣ አራቱም በ«ም» ቤተሰብ፣ አራቱም በተለያየ ፊደል፦ ሚ፣ ሞ፣ ማ፣ መ።

እዚህ ላይ ፊደላችን የላቲኑ የሌለውን ነገር ይሰጠናል። የእንግሊዝኛ ልጅ በአንድ ድምፅ የሚነሱ ቃላትን በጽሑፍ ሲያይ አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ አንድ ፊደል ያያል። የእኛ ልጅ ግመል፣ ገበያ፣ ጎመን፣ ጋጠች ሲያይ አራት ፊደል ያያል፤ ግን ፊታቸው የአንድ ቤተሰብ ነው። ጆሮው «አንድ ናቸው» ያለውን ዓይኑ «ወንድማማች ናቸው» ብሎ ያጸድቅለታል። የፊደል ገበታው እያንዳንዱ ረድፍ ራሱ የመነሻ ድምፅ ድግግሞሽ ነው፤ ልጆቻችን ለብዙ መቶ ዓመት «በ ቡ ቢ ባ» ሲሉ ይህንኑ ጨዋታ ያለ ቃል ሲጫወቱት ኖረዋል። የጎደለው ቃሉና ታሪኩ ነው። ከመንገድ የሚገዛው ባለ ሥዕል ገበታ ለአንድ ፊደል አንድ ቃል እየሰጠ ያልፋል፤ አንድ ቃል ደግሞ ከማንም ጋር አይነጻጸርም።

አንዳንድ ሰው ፊደላችን ክፍለ ቃልን እንጂ ነጠላ ድምፅን ስለማይጽፍ ልጁ «ግ»ን ከ«ጎ» ውስጥ ነጥሎ መስማቱ አያስፈልገውም ይላል። ክርክሩ ባዶ አይደለም። ሶናሊ ናግ የተባሉት ተመራማሪ በሕንድ የካነዳ (Kannada) ቋንቋ ላይ ያደረጉት ጥናት፣ ከእኛ ፊደል ጋር የሚመሳሰል ጽሕፈት የሚማሩ ልጆች ክፍለ ቃልን ቀድመው፣ ነጠላ ድምፅን ግን ዘግይተው እንደሚለዩ አሳይቷል። ነገር ግን 33 ረድፍ በሰባት ሲባዛ 231 ፊደል ነው፤ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ። ልጁ በረድፉ ውስጥ ያለውን የጋራ ድምፅ ካልሰማ 231 የማይዛመዱ ምልክቶችን ሊሸከም ነው። ከሰማ ግን ሸክሙ 33 ቤተሰብና ሰባት ፀባይ ይሆንለታል። ዘግይቶ መምጣቱ ቀድሞ በጨዋታ የመጀመርን ጥቅም ያጎላዋል እንጂ አያስቀርም።

ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ሰው በቀላሉ የሚያመልጠው። የወሎ ጆሮ የራሱ ነው። ብዙ ሰው «ከመርሳ መጣሁ» አይልም፤ «ተመርሳ መጣሁ» ነው የሚለው። መጽሐፉ ላይ «ከ» የተጻፈውን መምህርቷ ሳታስበው «ተ» ብላ ልታነበው ትችላለች፤ ስህተት አይደለም፤ የ«ከ» ገጽ ግን ፈረሰ። ከዚህ የሚብሰው «ፀ» ነው። አያቷ ጠሐይ፣ ጠጉር፣ ጠሎት ሲሉ የሰማች ልጅ የ«ፀ» ሥዕሎችን ከጠጠር፣ ከጤፍና ከጠላ ጋር ብታስቀምጣቸው ጆሮዋ በትክክል ሠርቷል። ይህችን ልጅ «ተሳስተሻል» የሚል መምህር የሚያስተምራት ጆሮዋን እንዳታምን ነው። ስለዚህ ለሰሜን ወሎ የሚዘጋጅ የድምፅ መጽሐፍ በመ፣ በበ፣ በገ፣ በሰ፣ በደ ይጀምር፤ ፀ ትቆይ።

ሀ፣ ሐ እና ኀ ደግሞ በተቃራኒው ለጆሮ ሥራ የተመቹ ናቸው። አንድ የወልድያ ክፍል ውስጥ ሐሊማ፣ ኃይሉ እና ሀብታሙ አብረው መቀመጣቸው የተለመደ ነው። ሦስቱም በአንድ ድምፅ ይነሳሉ፤ ሦስቱም በተለያየ ፊደል ይጻፋሉ። ሐሊማ ከቁርአን ቤት ሉህ ይዛ «አሊፍ»ን ጀምራ፣ ኃይሉ ከየኔታ ዘንድ «ሀ ግዕዝ»ን ጀምሮ ሊሆን ይችላል የመጡት። የዜማ ትምህርት ለሁለቱም እንግዳ አይደለም፤ ዳናን የመሰለ የመንዙማ ደጅ ያለበት አገር ልጅ ድምፅ ሲደጋገም ምን እንደሚያደርግ መጽሐፍ ሳይገልጥ ሰምቶታል። የክፍሉ ስም መጥሪያ ራሱ የመጀመሪያው የድምፅ መጽሐፍ ነው፤ ወጪ የለውም።

የንባቡ አፈጻጸም ላይ ብዙ መመሪያ መደርደር አልወድም። የውጭ ሥልጠና የወሰዱ አንዳንድ አንባቢዎች በየገጹ ቆመው «ይህ ቃል በምን ድምፅ ይጀምራል?» ይላሉ፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ተረቱ ያልቅለታል፤ ልጁም እንደዚያው። መጀመሪያ ተረቱ በሙሉ ይነበብ፤ ይሳቅበት። በሌላ ቀን ሲደገም ድምፁ ይረገጥ። ከዚያ በኋላ አንባቢዋ «ግመሏ ገበያ ገብታ…» ብላ ዝም ትበል፤ ቀሪውን ልጆቹ ይሙሉት። «ጎመን»ን «ጎማ» ብሎ የለወጠ ልጅ ከተገኘ ትምህርቱ ገብቷል ማለት ነው፤ ይጨብጨብለት።

በተጨናነቀ ክፍል አንድ መጽሐፍ ብቻ ሲኖር ሥዕሉ ለኋለኛው ረድፍ አይደርስም። ድምፅ ይደርሳል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት ውስጥ ላለፈችው ወልድያና ለአካባቢዋ ትምህርት ቤቶች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። መደርደሪያው በጎደለበት አካባቢ መጀመሪያ የሚገባው መጽሐፍ አንዱ ቅጂ ለብዙ ልጅ የሚበቃው ቢሆን ይመረጣል፤ ለብዙ ልጅ የሚበቃው ደግሞ ለጆሮ የተጻፈው ነው።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። «ሲሊ ማሞ» ዛሬም ሊነበብ የሚገባው ጥሩ ተረት ነው፤ የመነሻ ድምፅን ለማስተማር ግን አይረዳም፤ ለዚያ ተብሎም አልተጻፈም። ከውጭ የተተረጎሙት ለዚህ ጉዳይ ፈጽሞ አያገለግሉም፤ ተርጓሚው ቢበረታም እንኳ ሥዕሉ አስቀድሞ በሌላ ቋንቋ ድምፅ ስለተመረጠ እጁ ታስሯል። ሥዕሉ ድብና ኳስ ከሆነ አማርኛው ግመልና ጎመን ማለት አይችልም። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፦ አማርኛው ይቅደም፣ ሥዕሉ ይከተል፤ ካስፈለገ እንግሊዝኛው በመጨረሻ ይምጣ፤ ድምፁ ቢጠፋበት በእሱ ይጥፋ።

ይህን ለመሥራት የሚያስፈልገው ሰው እዚያው አለ። ወልድያ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት፤ ዩኒቨርሲቲም አላት። ዕጩ መምህራኑ ከየመጡበት ከመርሳ፣ ከውርጌሳ፣ ከስሪንቃ፣ ከጊራና አያቶቻቸው የሚሏቸውን ምላስ የሚያሰናክሉ ጨዋታዎች ይዘው ይምጡ፤ ለአንድ የፊደል ቤተሰብ አንድ አጭር ተረት፣ በኃላፊ ግሥና በቦዝ አንቀጽ፣ ይጻፍ፤ ከመታተሙ በፊት ለአንድ የኦ ክፍል ጮክ ተብሎ ይነበብ። ልጆቹ መጫወቻ ሜዳ ላይ ራሳቸው ካልደገሙት ወደ ማተሚያ ቤት አይላክ።